የመሪ መቆለፊያው ሳይሰበር ኳድሮው ይወጣል

ወንድም ዓለም፣ አሮጌው ኮሮላህ አንድ ቀን ይነሳል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቁልፉን ስትነካው የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ደሴ ላይ ያሳየኸው መካኒክ «የመሪው መቆለፊያ ተሰብሮ እንዳለ ይቀየር» ብሎሃል፤ አንተም እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ቁልፉ ያለ ችግር የሚዞር ከሆነ የሚሰበር ነገር የለም፤ ኳድሮው፣ ማለትም ከቁልፍ ማስገቢያው ጀርባ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ለብቻው ይወጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት ሐረጎ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ጠመዝማዛው መሀል ጉልበቴ የቁልፍ ዘለላውን ገፋ አደረገውና ሞተሩ ቀጥ አለ። መሪው ከበደ፣ ፍሬኑም ሁለት ጊዜ ከረገጥኩት በኋላ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ደንግጬ እጄ ቁልፉን ሊነቅል ሄዶ ነበር፤ ነቅዬው ቢሆን ኖሮ መሪው ይቆለፍብኝ ነበር። በማርሽና በእጅ ፍሬን አቆምኩት። በማግስቱ የወሰድኩት ጋራዥ ለአንተ የተባለውን ነገረኝ፤ አመንኩ፣ ተሰበረ። ለሞተሩ አንድ፣ ለበሩ ሌላ ቁልፍ ይዤ መዞር ጀመርኩ። አሮጌውን ዕቃ ቤት ወስጄ ብፈታው ቁልፍ ማስገቢያው ደህና ነበር፤ የጠቆረው ከጀርባው ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው። ሰው ሁለቱንም ኳድሮ ይላቸዋል፣ ገንዘብ የሚባክነውም በዚህ ነው። እኔ ኳድሮ የምለው የኋላውን ነው።

መጀመሪያ ባለ 12 ቮልት መፈተሻ አምፖል ያዝ። ማርሹን ዜሮ አድርገህ፣ የእጅ ፍሬን ይዘህ፣ አንድ ሰው ቁልፉን እስከ ማስነሻው ሲያዞር አምፖሉን ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ላይ ባለችው ቀጭን ገመድ ላይ አድርግ። እየበራ ሞተሪኖው ዝም ካለ ጥፋቱ የኳድሮው አይደለም፤ መሪውን አትንካ። ካልበራ፣ ወይም ቁልፉ ሲነቃነቅ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወደ ኳድሮው ሂድ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ሚሊሜትር መፍቻ ፍታ። ይህን አትዝለል፤ ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን ኳድሮው ላይ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ኃይል አለ፣ ካቻቢቴህ ቢያገናኘው ገመድ ያቃጥላል። መኪናህ ኤርባግ ካለው ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቅ፣ ቢጫውን ሶኬትም አትንካ። ከዚያ ከመሪው ሥር ያሉትን የሽፋኑን ብሎኖች ፈትተህ የላዩንና የታቹን ፕላስቲክ በእጅህ ለያየው። እኔ የራሴን ሽፋን የሰነጠቅሁት በጠዋቱ የደሴ ብርድ ነው፤ ፕላስቲኩ ደርቆ ነበር። ፀሐይ ትውጣ፣ ቡናህን ጠጣ፣ ከዚያ ጀምር።

ቁልፉ ከሚገባበት በተቃራኒው ጫፍ ገመዶች የተሰኩበት ፕላስቲክ ታያለህ። የሶኬቱን ምላስ ጫን አድርገህ ሶኬቱን ራሱን ሳብ፤ ገመዱን አትሳብ። ኳድሮውን የያዙት አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ናቸው። ቦታው ስለሚጠብ እጀታው አጭር የሆነ ካቻቢቴ ያስፈልግሃል። ብሎኑ እንዳይወድቅብህ ታች ጨርቅ ዘርጋ፤ እኔ አንዱን ምንጣፍ ሥር ግማሽ ቀን ፈልጌዋለሁ። አዲሱን ስትገጥም የመሀሉ ቀዳዳ ከመቆለፊያው ምላስ ጋር እኩል ይግጠም። ሽፋኑን ከመመለስህ በፊት ባትሪውን አስረህ አስነሳው፤ ስትለቀው ቁልፉ ከማስነሻው በራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ሞተሪኖው መዞሩን ይቀጥልና ይቃጠላል።

የጠቆረውን የመዳብ ንክኪ በብርጭቆ ወረቀት የሚያጸዱ አሉ። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ወር ሠርቶ ተመልሶ ያው ሆነ።

መስበር የሚመጣው ቁልፍ ጠፍቶ ወይም ማስገቢያው ተበልቶ አልዞር ሲል ነው። ቁልፉ የሚዞር ከሆነ ማስገቢያውም ቢሆን ሳይሰበር ይወጣል፦ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙረህ በትንሿ ቀዳዳ ፒኑን በቀጭን ሽቦ ጫን ስታደርገው ተንሸራትቶ ይመጣል። መቆለፊያውን ከመሪው ዘንግ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ግን ሲጠብቁ አናታቸው እንዲቀነጠስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በትራፓኖ ወይም በመሮ ካልሆነ አይፈቱም። መካኒኩ እነዚህን ልፍታ ካለህ፣ ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አምፖሉን ይዞ ያሳይህ።

የሱቅህንና የቤትህን ቁልፎችም ከዘለላው ላይ ዛሬውኑ አውጣ፤ የእኔን ጉልበት ያስመታኝ የጓሮ በር ቁልፍ ነበር።