ብረት ስናጠቁር ለምን ይዥጎረጎራል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የሠራሃቸውን ዕቃዎች ኮስቲክ ሶዳና ሶዲየም ናይትሬት በውሃ ተበጥብጠው በሚፈሉበት ገንዳ ውስጥ ነክረህ ስታጠቁር ገሚሱ ግራጫ፣ ገሚሱ ቀላ እያለ አስቸግሮሃል። እኔም እዚሁ አዳማ ይሄንኑ ስለምሠራ የማውቀውን ልበልህ።

ግራጫውንና ቀዩን ለያይተህ እያቸው። ምክንያታቸው አንድ አይደለም።

ግራጫ ነጠብጣብ ካየህ ገንዳውን አትውቀስ። ቅባቱ አለቀቀም ማለት ነው። በቤንዚን መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ ቅባቱን እዚያው ያዳርሰዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እሸው። ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፍስስበትና ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት። ውሃው ሳይቆራረጥ ሙሉውን ከሸፈነው ጸድቷል። አንድ ቦታ ላይ ሸሽቶ ጠብታ ከሠራ እዚያ ቅባት አለ፣ ድገመው። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም። የጣትህ አሻራ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በብረት ሽቦ አንጠልጥለህ አስገባው፣ ቀዳዳ ካለው አየር እንዳይታፈንበት ነቅነቅ አድርገው።

ብርጭቆ ወረቀቱም እንደዚያው። ጥቁሩ ሽፋን በጣም ስስ ነው፣ ጭረት አይደብቅም። አንዱን ጎን በሻካራ፣ ሌላውን በለስላሳ ከወለወልክ ሁለት ዓይነት ጥቁር ታገኛለህ።

አሁን ወደ ቀዩ። ብዙ ጊዜ ገንዳው ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚመጣ ነው። ሥራው የሚያምረው ከ135 እስከ 145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የፈላ ገንዳን ሙቀት የሚወስነው እሳቱ ሳይሆን የጨው (የኮስቲኩና የናይትሬቱ) እና የውሃው መጠን ነው። እሳት ስትጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ጨው ይበዛል፣ ሙቀቱም ይወጣል። በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ውሃ እኛ ጋ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከኢንተርኔት የወሰድከው መጠን እዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላብሃል። መጠኑን ትተህ ቴርሞሜትሩን እመን። ደህና ቴርሞሜትር ግዛ፣ በዓይን ግምት አይሆንም።

ሙቀቱ ሲያልፍ ውሃ መጨመር ግድ ነው፣ ግን ተጠንቀቅ። ድንገት ከደፋህበት ተፈናጥሮ ፊትህ ላይ ይመጣል። እጀታው ረጅም በሆነ ጭልፋ፣ ከዳር በኩል፣ ጥቂት በጥቂት። መነጽር፣ ረጅም ጓንት፣ ክፍት ቦታ፤ ያለነሱ አትጀምር። ቆዳህን ከነካህ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠብ። የአሉሚኒየም ዕቃ ደግሞ አጠገቡ አይድረስ። ኮስቲኩ ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅንም ያወጣል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም አይሆንም፣ ገንዳው ተራ ብረት ይሁን።

የአደን ጠመንጃ የሚጠግኑ ባለሙያዎችም የሚያጠቁሩት በዚሁ ዘዴ ነው። አፈሙዞቹ በእርሳስ ብየዳ የተያያዙ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ግን እዚህ ገንዳ ውስጥ አይገባም፣ ማያያዣውን ይበላዋል።

ሲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ቀጥሎ በፈላ ንጹሕ ውሃ ቀቅለው። የቧንቧው ውሃ ነጭ ምልክት ከተወብህ የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ እንጂ አሲዱን አይደለም) ተጠቀም፣ መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ አለ። ትኩስ እንዳለ ዘይት ውስጥ ንከረው። ጥርስ ያለው ቀዳዳ በደንብ ካልታጠበ ከቀናት በኋላ ነጭ ዱቄት ያወጣል።

አንድ ነገር ግን አልገለጽክም። የቀላው ዕቃ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው? እሱ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ሆኖም ሊቀላብህ ይችላል። ፎቶውን ላክልኝ።