«ባሕር ዳርን ሳናይ ምን የዓለም ዜጋ ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። «የዓለም ዜግነት» የሚለው ርዕስ ላይ ስደርስ ክፍሉ ጭር ይልብኛል። ባለፈው አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ባሕር ዳርን እንኳ ሳናይ ምን የዓለም ዜጋ ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የግብፅ ነገር ከተነሣ ደግሞ ስድቡን ከፌስቡክ እንዳለ ይዘውት ይመጣሉ። ወላጆችም «ልጆቻችንን ፈረንጅ ልታደርጊያቸው ነወይ?» ይሉኛል። እንዴት ላስተምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ እውነቱን ነው። እኔም ቃሉን አልወደውም፤ ዓለም ቀበሌ የላት፣ መታወቂያ አትሰጥ። ርዕሱ ግን ዝም ብሎ አልመጣም። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች አራተኛው ላይ በስሙ ተጽፏል። ይኼን ሰሌዳ ላይ ብትጽፊው ግን ገልብጠውት ይወጣሉ፣ በቃ።

ከቤታቸው ጀምሪ። ድሮ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው ምን ይደረግለት እንደነበር አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ። እግሩ እንደሚታጠብ፣ ከቤት የተገኘው እንደሚቀርብለት፣ መደብ እንደሚለቀቅለት ይሰማሉ። ቅኔ ፍለጋ ከየአገሩ ወደ ዲማና ወደ ዋሸራ የመጣው የቆሎ ተማሪም የኖረው በማያውቀው ሰው እንጀራ ነው። ይኼን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋል፣ ይነፋ። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ አምጪ፦ የማይገባውስ ማን ነበር?

እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውን አትፍሪው። ቀጥቃጩ ለማረሻው፣ ሸክላ ሠሪዋ ለምጣዷ ይፈለጋሉ፣ ግን «ቡዳ ናቸው» እየተባለ ጋብቻ የሚሰጣቸው አልነበረም። ጣና ዳር የሚኖሩትን ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ ብሎ ማዕድ የሚለያቸው ብዙ ነበር። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ማጭድ ለማሳል ቀጥቃጭ ቤት ስላክ እናቴ «እዚያ ቤት ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ!» ብላ ነበር የምትሸኘኝ። ሰውዬው ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ቁራሽ ያቀርብልኛል። እምቢ ስለው ፈገግ ይላል። ምን እንደሚያስፈግገው የገባኝ አድጌ ነው፣ ያን ጊዜ እሱ የለም። የባህል መከባበር የምትይው ከዚህ ካልጀመረ፣ ስለ ጃፓን ብታስተምሪያቸው ወሬ ነው።

አሁን ወደ ግብፅ ሂጂ። «ስድብ ነውር ነው» ብለሽ አትቆጪ፤ ጠይቂያቸው፦ መስከረም 1 ቀን ከእኛ ሌላ ማን ዘመን ይለውጣል? የግብፅ ኮፕቶች። ወሮቻቸው ከእኛ ጋር ይገባሉ፣ ጳጉሜንም አለቻቸው፤ የእኛ 2018 ለእነሱ 1742 ነው። የእኛ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾምላት ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚመጣላት ከዚያው ከግብፅ ነበር። ሱዳን ላይ ደግሞ ከቦካ የማሽላ ሊጥ የሚጋገር ስስ ኪስራ አለ፤ የእንጀራ የአክስት ልጅ በይው።

ይኼ ስለ ግድቡ ዝም በሉ ማለት አይደለም። ይከራከሩ፣ ግን መንግሥትንና ሕዝብን ለይተው። ክፍሉን ለሁለት ክፈይው። ግማሹ ዝናብ የማይጠግበው አገር ላይ የሚያርስ የግብፅ ገበሬ ይሁን፣ ግማሹ በኩራዝ የሚያጠና የጎጃም ተማሪ። ሃያ ደቂቃ ይከራከሩና ቦታ ይቀያየሩ። ሲቀያየሩ የሚያጉረመርመው ልጅ ላይ ዓይንሽን ጣይ፣ ትምህርቱ የገባው እሱ ነው።

ለወላጆቹ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን አንሺላቸው። የጎጃም ልጅ፣ ቅኔ ቤት ያደጉ፣ በጣሊያን ወረራ ተማርከው ኢጣሊያ የታሰሩ፣ ኋላም በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን አገራቸውን የወከሉ። ፈረንጅ ሆነው ተመለሱ ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ። በቴሌግራም ከአንድ ኬንያዊ ተማሪ ጋር ተዋወቅሁ። በእንግሊዝኛ «ቅዳሜ 3 ሰዓት እንገናኝ» ስለው እሱ የሚመጣው 9 ሰዓት ላይ ነው። እኔን ዋሾ አደረገኝ። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ አትተወው! ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ላይ 3 ካልከው የሚገባው የከሰዓቱ ነው፣ በእኛ 9። በስዋሂሊ ግን ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ፣ ከንጋት ጀምሮ ነው። የናይሮቢና የደብረ ማርቆስ ሰዓትም አንድ ነው፣ ልዩነት የለውም። «ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳ ታቱ» በለው፤ «ሳ ታቱ» ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ እንዴት እንዳወቅህ ይጠይቅሃል፣ ወሬውም በዚያው ይጀመራል።