ጥምቀት ሲቃረብ ለፈረስ የሚሰጥ መድኃኒት፦ ጥያቄና መልስ

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃን ውስጥ እኔን የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፈረሴን ለጉግሱ የሚያደርስልኝ መርፌ የለህም?» የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ያደግሁትም ፈረስ ካለበት ቤት ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚሁ ልመልስ። የእኛ ጉግስ ላይ ሽንትና ደም የሚመረምር ሰው አይመጣም። ስለዚህ መለኪያዬ የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በውድድር ጊዜ ስለሚከለከሉ መድኃኒቶች ያወጣው ደንብ ነው።

ከመንዲዳ፦ ፈረሴ የፊት እግሩን ትንሽ ያነክሳል። በከተራ ዕለት ማስታገሻ ተወግቶ ቢጋለብስ?

እባክህ እንዳታደርገው። ለፈረስ በብዛት የሚሰጠው ፌኒልቡታዞን ሕመሙን ያስረሳዋል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ካለ ግን እንደተሰነጠቀ ነው። ፈረስ የሚያነክሰው እግሩን ለማሳረፍ ነው። ሕመሙ ሲጠፋበት ሙሉ ክብደቱን ይጥልበታል። በሙሉ ግልቢያ ላይ እግሩ ቢሰበር አንተም አብረህ ትወድቃለህ፤ ከኋላህ የሚመጣውም በላይህ ያልፋል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሜሪካ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. ዳንሰርስ ኢሜጅ የተባለ ፈረስ የኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን ትልቅ የፈረስ እሽቅድምድም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ሽንቱ ውስጥ ይኸው መድኃኒት ተገኘና ድሉን ተነጠቀ።

ከደነባ፦ ለጉግሱ ስንት ቀን ሲቀረው ነው ማስታገሻውን ማቆም ያለብኝ?

ፌዴሬሽኑ ፌኒልቡታዞን በምርመራ የሚታይበት ብሎ ያወጣው ጊዜ 7 ቀን ነው። ይህ ግን በተወሰነ መጠን፣ በጥቂት ፈረሶች ላይ ተለክቶ የተገኘ ነው። መጠኑ ከበዛ ወይም ፈረሱ ኩላሊቱን ካመመው ይረዝማል። ጠንቃቃ ሐኪም ሁልጊዜ ቀን ይጨምርበታል። ቀኑ አልፎም የሚያነክስ ከሆነ ቤቱ ይዋል።

ከሸኖ፦ ቁስል ስላለበት ፔንስትሬፕ እየተወጋ ነው። አንቲባዮቲክ ምን ችግር አለው?

አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች ችግር የለባቸውም። ፔንስትሬፕ ውስጥ ያለው ፔኒሲሊን ግን ከፕሮኬይን ጋር የተሠራ ነው። ፕሮኬይን ማደንዘዣ ነው፤ ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል። ቁስሉን አክመህ ጨርስ፤ ጉግሱ ለከርሞ ይደርሳል።

የትል መድኃኒትስ?

አይቨርሜክቲን ይፈቀዳል። ቴትራሚዞልና ሌቫሚዞል አይፈቀዱም። ሌቫሚዞል ፈረሱ ሰውነት ውስጥ አሚኖሬክስ ወደሚባል አነቃቂ ይለወጣል።

ከመሐል ሜዳ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ እኛ እኮ ቡናና አረቄ ነበር የምናቀምሰው። እሱም መድኃኒት ነው ልትል ነው?

አዎ አባባ፣ በደንቡ ሁለቱም ክልክል ናቸው። ቡናው ልቡን ያስሮጠዋል፤ አረቄው እግሩን ያሳስተዋል። የቡና ገለባም ካፌይን ስላለው ከፉርሽካው ጋር አይቀላቅሉት። በ2014 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ፈረስ ኤስቲሜት ሞርፊን የተባለ ብርቱ ማስታገሻ ተገኘባት። የመጣው ከተበከለ መኖ ነበር፤ በውድድሩ ያገኘችው የሁለተኝነት ደረጃ ግን ተሰረዘ። እርስዎ በእጅዎ ቢሰጡትማ!

ከአንኮበር፦ ከሰው ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝቼ ብወጋውስ?

በግምት የተወጋ ማስታገሻ የፈረስን ጨጓራ ያቆስላል፤ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ሌላም አለ። እኛ ዘንድ የሞተ ፈረስ ሜዳ ላይ ይጣላል። ዳይክሎፌናክ ያለበትን ሥጋ የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ይሞታል። ሕንድ ውስጥ ጥንብ አንሳዎች በዚህ መድኃኒት አልቀው ሊጠፉ ደረሱ፤ ለእንስሳት እንዳይሰጥም በ2006 እ.ኤ.አ. ተከለከለ። ቀድሞ የወጋኸው ፈረስ ከሞተብህ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው።