ፊኛዬ ተቃጠለ፣ የህንዱ መድኃኒት ያድነኛል ወይ? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ስለ አዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) የማይጠይቀኝ ሰው የለም፤ በተለይ ሽንት የሚያቃጥላቸው ሴቶች። ጥያቄያችሁን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። አቋሜን ግን ከአሁኑ እወቁልኝ፦ አዩርቬዳ ለፊኛ ረዳት ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ምርመራን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ እናቴ "ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው" ትለኛለች። እውነት ብርድ ነው?

እናትሽን አትቆጪያት፣ ደሴ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። የጦሳ ተራራ ብርድ ግን ብቻውን ፊኛ አያቆስልም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከአንጀት የሚወጣ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነና ለፊንጢጣም ስለሚቀርብ፣ ባክቴሪያው ፊኛ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። የፊኛው ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ትንሽ ሽንት ሲጠራቀምበት እንኳ አላስቀምጥ ይላል። ማቃጠሉም፣ ማጣደፉም፣ ከእምብርት በታች ያለው ሕመምም ከዚያ ነው የሚመጣው። በብርድ ጊዜ ውኃ መጠጣት እንረሳለን፤ እሱ ነው የሚጎዳን።

ጥያቄ፦ ታዲያ አዩርቬዳ ምን ይላል?

ሽንት በጭንቅ መምጣቱን ሙትራክሪችራ ይሉታል። ፒታ የሚሉት የሰውነት ሙቀት ሲበዛ ሽንትን ያቃጥላል ብለው ስለሚያምኑ፣ ሕክምናቸው ማቀዝቀዝና ሽንትን ማብዛት ላይ ያተኩራል። ጎክሹራ (መሬት ላይ እየተዘረጋ የሚያድግ፣ ፍሬው እግር የሚወጋ እሾሃም ተክል ነው)፣ ፑናርናቫ እና ቫሩና ዋናዎቹ ዕፅዋት ናቸው። እኛ ጓዳ የማይጠፋውን ድንብላልም ይጠቀሙበታል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩና ጠዋት አጥልለው ይጠጡታል። ይህ ለብዙ ሰው ጉዳት የለውም፣ ቢያንስ ውኃ ያስጠጣል። ነገር ግን እነዚህ ዕፅዋት ፊኛ ውስጥ ያለ ባክቴሪያን እንደሚያጠፉ በሰው ላይ በቂ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ሽንትሽን አስመርምሪ፣ ባክቴሪያ ከተገኘ የታዘዘልሽን አንቲባዮቲክ እስከመጨረሻው ውሰጂ፣ ድንብላሉን ከጎኑ ጠጪ። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ ወይም የጎን ሕመም ከመጣ ነገሩ ወደ ኩላሊት ሳይወጣ አልቀረም፣ ያኔ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ደግሞ እባካችሁ፣ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ ማቆም ይብቃን። መድኃኒቱን ባክቴሪያው የሚለምደው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከዓረብ ሀገር ጥቁር ክኒን አምጥታልኛለች፣ ጽሑፉ ሁሉ ህንድኛ ነው። ልዋጠው?

አትዋጪው። አንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒት ሆን ተብሎ የብረታ ብረት አመድ ተጨምሮበት ነው የሚሠራው። ለሽንት በጣም የሚታወቀው ቻንድራፕራብሃ ቫቲ እንኳ በባህላዊ ቀመሩ የብረት አመድ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 ምርቶች ውስጥ ከአምስት አንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለበት አሳይቷል። እርሳስና ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንም ያጠቃሉ። ፊኛን ላድን ብሎ ኩላሊትን መስጠት ምን ይሉታል! "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ማስታወቂያ እኔን አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፣ ጎክሹራ ይቻላል?

አይቻልም። ማቃጠል ባይኖርሽም በክትትልሽ ጊዜ ሽንትሽን አስመርምሪ፤ በእርግዝና ጊዜ ባክቴሪያ ከተገኘ ምልክት ባይኖርም ይታከማል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሽንት ቤት ላለመሄድ ስል ውኃ አልጠጣም፣ በየጊዜው ይመላለስብኛል።

ምክንያቱን ራስሽ ነገርሽኝ እኮ። በኮምቦልቻ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ ውሎ ሽንትን መያዝ ለባክቴሪያ ግብዣ ነው። ከፈረቃ በፊትና በእረፍት ሰዓት ጠጪ፣ ሽንትሽን ጨርሰሽ ሽኚ፣ ከግንኙነት በኋላም ሽኚ። አለቃሽን ማስፈቀድ ከከበደሽ የሐኪም ወረቀት ያዢ። በጾም ለሚቸገሩትም ይኸው ነው፤ ረመዳን ላይ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ደጋግሞ መጠጣት ነው፣ የታመመ ደግሞ ዲኑም አያስገድደውም።

ጥያቄ፦ ምርመራው ሁልጊዜ "ንጹህ ነው" ይላል፣ ሕመሙ ግን ወራት አለፈው። አንቲባዮቲክ ሰለቸኝ።

ለእርስዎ ነው አዩርቬዳ የሚረባ ነገር ያለው ብዬ የማስበው። ባክቴሪያ ሳይኖር ፊኛ ለረጅም ጊዜ የሚቆጣበት ሕመም አለ፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። አዩርቬዳ "ፒታ የሚያበዛ" ብሎ የሚከለክለው የሚያቃጥልና ኮምጣጣ ምግብ፣ ዛሬ ሐኪሞችም ለዚህ ሕመም ቀንሱ የሚሉት ነው። በእኛ ቤት ሲተረጎም በርበሬ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ከሁሉ በላይ ቡና። ወሎዬን ቡና ተው ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም በረካውን ሳልጠጣ አልነሳም። ግን ለጥቂት ሳምንታት ያቁሙና አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚነሳብዎት ይዩ። የማኅፀንና የሽንት ሐኪም ማየትም አይቅር።

ጥያቄ፦ አፋር፣ አዋሽ ዳር እርሻ ላይ ሠርቼ ተመለስኩ። ሽንቴ መጨረሻው ላይ ደም አለው። የትኛው ቅጠል ይሻለኛል?

ቅጠል የለውም ወንድሜ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ወንዝ አካባቢ ፊኛን የሚያጠቃ ቢልሃርዝያ የሚባል ትል አለ፤ በቆዳ ገብቶ እንቁላሉን ፊኛ ውስጥ ነው የሚጥለው። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ያድነዋል። ስትመረመር አዋሽ ውኃ ውስጥ እንደገባህ ንገራቸው፣ እዚህ ላይጠይቁህ ይችላሉ። ሽንቱንም ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጥ፣ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው።