በርጩማው ነው ወይስ እርግዝናው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ደሴ ነው የምኖረው ስራዬ ግን ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ በሚኒባስ ሀረጎን ወርጄ እወጣለሁ። የ6 ወር እርጉዝ ነኝ፣ ሰሞኑን ቀኝ መቀመጫዬን ጠቅ ያደርገኝና እስከ ጭኔ ይወርዳል፣ ቡና አፍልቼ ከበርጩማ ስነሳማ ወይኔ! ዲክሎፌናክ ልውሰድ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብዙ እርጉዝ ላይ የሚመጣ ነው። የእርግዝናው ሆርሞን የዳሌን ጅማቶች ያላላል፣ ሆድ ሲገፋ ደሞ ሸክሙ ወገብና መቀመጫ ላይ ያርፋል፤ ወደ ጭን የሚወርደው በመቀመጫ አልፎ እግር የሚገባው ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ ተነክቶም ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናኩን ግን ተይው! እሱም አይቡፕሮፌንም በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሀኪም አይወሰዱም፣ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱንም ክትትል የምታደርጊበት ጠይቂ።

እኔን የከነከነኝ በርጩማው ነው። ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ ወጥቶ፣ ወደ ከሰሉ ጎንበስ ብለሽ ከአቦል እስከ በረካ ስትቀመጪ መቀመጫሽ እንዴት አያምሽ? ወንበር ላይ ሁኚ፣ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ (ባልሽም ይችላል)፣ በየ30 ደቂቃው ተነስተሽ ትንሽ ተራመጂ። ከሚኒባስ ስትወርጂ መጀመሪያ ሁለቱንም እግርሽን አንድ ላይ ወደ በሩ አዙሪ። ማታ በጎንሽ ተኝተሽ ጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ፣ ለብ ያለ ፎጣም ለ15 ደቂቃ መቀመጫሽ ላይ ያዢበት።

በሁለቱ ጭኖችሽ መሀል ከደነዘዘሽ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ፣ እግርሽ ከከዳሽ፣ ህመሙ እንደ ምጥ መጣ ሄድ ካለ ወይ ደም ወይ ውሃ ከፈሰሰሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።