ቡም መያዝ ሙያ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የፊልም ድምፅ ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። እቤቴ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ ማጽዳትና ማቀናበር ተለማምጃለሁ። አሁን ለአንድ አጭር ፊልም «ቡም (ጫፉ ላይ ማይክ ያለው ረጅም ዘንግ) ትይዢያለሽ» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል። ዘንግ ተሸክሞ መቆም ምን ያስተምረኛል? ልሂድ ወይስ ሚክሰር (የድምፅ ቀረጻውን የሚመራው ሰው) የምሆንበት ዕድል እስኪመጣ ልጠብቅ?

መልስ፦ ሂጂ እህቴ! ምንም ሳታመነቺ ሂጂ።

ፊልሙ ውስጥ የሚሰማው የተዋናይ ድምፅ ጥሩ ይሁን መጥፎ በአብዛኛው የሚወሰነው ማይኩ የት ነበር በሚለው ነው፤ ማይኩን ደግሞ የምትይዢው አንቺ ነሽ። ከአፍ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የንግግሩ ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ይቀራል፣ ስለዚህ ንግግሩ ከጉድጓድ የመጣ ይመስላል። ይህን ኮምፒውተር ላይ ለማዳን ሞክረሽ ከሆነ ምን ያህል እንደሚያታግል ታውቂዋለሽ።

ለዚህ ነው ጥሩ ቡም ኦፕሬተር የዕለቱን ስክሪፕት ከሞላ ጎደል በቃሉ የሚያጠናው። ማን ቀጥሎ እንደሚናገር ካላወቅሽ ማይኩን የምታዞሪው ቃሉ ካመለጠ በኋላ ነው። ሌንሱ እስከ የት እንደሚያይ፣ መብራቱም የዘንጉን ጥላ የት እንደሚጥል ማወቅ አለብሽ። ይሄን ሁሉ እንደ እንጨት ተሸካሚ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ኦስካር ላይ እንኳ በድምፅ ዘርፍ የሚታጨው የቀረጻው ሚክሰር እንጂ ቡም ኦፕሬተሩ አይደለም፤ ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ሚክሰሩ የቡድኑ ኃላፊ ነው። ማይክ ይመርጣል፣ የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል፣ እያንዳንዱን ማይክ ለብቻው ይቀርጻል፣ የድምፅ ሪፖርቱንም ይጽፋል። በጀት ካለ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል፤ ተዋናዮች ልብስ ውስጥ ትንንሽ ማይክ ይሰካል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ የሚጮህ ማቀዝቀዣ ካለ ያስጠፋል። በጀት ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው መቅረጫ ማሽኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ዘንጉንም ይዞ ሁሉንም ይሠራል። ያንን ገና ጀማሪ ሆነሽ አትቀበይ። እየቀረጽሽ በደንብ ማዳመጥም፣ ማይክ ማነጣጠርም አትችዪም።

ከቀረጻ በኋላ ያለው የንግግር ኤዲተር፣ የፎሊ (የእርምጃና የዕቃ ድምፆችን ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቶ መቅዳት) እና የመጨረሻ ሚክስ (ድምፆቹን ሁሉ አመጣጥኖ ማዋሃድ) ሥራ ሌላ ኑሮ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ፣ ከስፒከር ጋር ብቻሽን። አንቺ ያንን ቀምሰሽዋል፤ ሎኬሽንን፣ ማለትም ፊልሙ የሚቀረጽበትን ቦታ፣ ግን አታውቂውም። ሳታዪው እንዴት ትመርጫለሽ?

ለቀኑ ድምፅ የማያሰማ ጫማና ጥቁር ልብስ ልበሺ። ክንድሽን ከራስሽ በላይ ዘርግተሽ ያዢ፤ ክርንሽ በጣም ከታጠፈ ቶሎ ትደክሚያለሽ። ቀረጻ መሃል አውሮፕላን ካለፈ አታቋርጪ፣ «ከት» ሲባል ለሚክሰሩ ንገሪው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ያህል መቀረጹንም አስታውሺያቸው፣ ሰው ለመውጣት ስለሚቸኩል ይረሳል። ከዚያ ፕሮዲውሰሩን አስፈቅደሽ አንቺ የያዝሽውን ጥሬ ድምፅ ጥቂት ውሰጂና እቤትሽ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው።