«ለከፈው» ወይስ «አጠቃው»? የእንጦጦ ጫካና ግሶቹ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ጓደኛሞች እንጦጦ ጫካ ይገባሉ። አንዱ በቀትር ብቻውን ወደ ኋላ ይቀርና የሆነ ነገር ያያል። ቤቱ ሲገባ ያተኩሰዋል፣ አፉም ይተሳሰራል። አያቱ ‹ጫካ ገብቶ ለክፎታል› ይላሉ። ረቂቁን ያየልኝ ሰው ‹መልከፍ ሴት ልጅን ነው፤ መንፈስ አጥቅቶታል በል› አለኝ። ጋኔን፣ ዛር፣ አድባር፣ ቆሌ የሚባሉትንም እንዳሻህ ቀያይራቸው፣ ሁሉም አንድ ናቸው ብሎኛል። እውነት ነው?»

መልስ፦ አያትየውን እባክዎ አይንኳቸው። ትክክል ናቸው።

ለከፈ ማለት ነክቶ ማለፍ ነው። ነክቶ ያልፋል፣ ግን የተነካው ሰው ላይ የሆነ ነገር ትቶ ይሄዳል። «እብድ ውሻ ለከፈው» ስንል ቁስሉ ጭረት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ኋላ የሚመጣው ነው። የጫካውም ነገር እንደዚሁ ነው። ልጁ አልተደበደበም፣ አልተያዘም። ሲያልፍ ተነካ፤ ትኩሳቱ ቤት ድረስ ተከተለው። ይህን ሁሉ «ለክፎታል» አንድ ቃል ሆኖ ይሸከመዋል።

ፒያሳ መንገድ ላይ ሴት ልጅን መልከፍም ከዚሁ ግስ የመጣ ነው። ማንም ሳይጠራው ይመጣል፣ በቃል ይነካል፣ ያልፋል። ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ ይዛው ትውላለች። ስለዚህ ረቂቅዎን ያዩት ሰው የሚያውቁት ፍቺ ልክ ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። «የኳስ ልክፍት አለበት»፣ «የመጽሐፍ ልክፍተኛ ነው» የምንለውም ከዚሁ ነው።

«መንፈስ አጠቃው» ሰዋስዋዊ ስህተት የለበትም። እኔ ይበልጥ የምሰማው ከስብከትና ከጸሎት መድረክ ነው። ባለታሪክዎ ጴንጤ ወጣት ቢሆን አፉ ላይ ያምርበታል። ጉልት ቁጭ ብለው ያረጁ አያት አፍ ላይ ግን ይጎረብጣል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። አንድ አይደሉም። አማርኛ ለእያንዳንዳቸው የየራሱን ግስ ሰጥቷቸዋል። ጋኔን ይለክፋል፣ ያድራል፣ በጠበል ይለፈልፋል፣ ከዚያ ይወጣል። ቡዳ ይበላል። ጭራቅም ይበላል፣ እሱ ግን በጥርሱ ነው፤ ቦታውም የልጆች ተረት ነው። ዛር ይሰፍራል፣ ይነሳል፣ ይጋልባል። የሰፈረበት ሰው «የዛር ፈረስ» ይባላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ሲመዘግብ ዛሩ ጋላቢ፣ ሰውየው ተጋላቢ ሆኖ ነው ያገኘው። ልብ ይበሉ፦ ዛር እንደ ጋኔን ይወጣል አይባልም። ይለመናል፣ ግብር ይሰጠዋል፣ ይታረቃል። እንጦጦ ኪዳነ ምህረት ጠበል ላይ «ዛሩ ታረቀ» ብለው ቢጽፉ ሁለት የማይዋደዱ ዓለማትን አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አሰሩ ማለት ነው።

አድባር ሌላ ናት። እንደውም በጣም የምወደው ቃል ይህ ነው። በግዕዝ ደብር ማለት ተራራ ነው፤ ብዙ ሲሆን አድባር ይባላል። ገዳምም በግዕዝ ዱር፣ ምድረ በዳ ነበር፤ የዱር አራዊት «አራዊተ ገዳም» ይባላሉ። ዛሬ «አድባራትና ገዳማት» ስንል የሚታየን ቤተ ክርስቲያን ነው። የቃሉ ሥር ግን ተራራና ዱር ነው። መነኩሴው ሰው ወደማይኖርበት ሄደ፣ የቦታውም ስም ተከተለው። «አድባር» ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳ የቦታ ጠባቂ ሆነች፤ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር የምትለመነዋ። ግንዱ ቅቤ ተቀብቶ ተቀብቶ ይወዛል፣ ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ሥሩ ቄጤማ ይጎዘጎዝለታል። አድባር ሰውን አትለክፍም። ትጠብቃለች፣ ትከተላለች፣ ቢንቋት ትቆጣለች። የተከበሩ ሽማግሌን «የሰፈራችን አድባር» የምንለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለድርሰትዎ አንድ ነገር ልጠቁም። ልጁ የሚቀረው ባህር ዛፍ መሃል ከሆነ አድባርን አያምጧት። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ባህር ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሙ ራሱ ከባህር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። አድባር ባህር ዛፍ ላይ አደረች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አድባር ከፈለጉ ልጁን ወደ አሮጌ ዝግባ ወይም ወይራ ይውሰዱት። ባህር ዛፉ ውስጥ የሚስማማዎት ጋኔን ነው፤ ሰዓቱንም ጥሩ መርጠዋል። የሌሊቱን ሁሉም ይፈራል፤ መዝሙረ ዳዊት 90 ግን «የቀትር ጋኔን»ንም ይጠራል። በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ ዛፍ ሥር አትተኛ የሚሉን እናቶች ይህን ያውቁታል። አያትየው ስሙን ባይጠሩትም ያምራል። «ለክፎታል» ሲሉ ማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ «ስም አይጠሬ»ን በስሙ መጥራት መጋበዝ ይመስላቸዋል። «ጂኒ» ግን ይቅርብዎት። ከተማ ውስጥ «ምን ጂኒ ቁልቋል ትላለህ» እየተባለ አልቋል፣ አያስፈራም።

ቆሌን ልጁ ደንግጦ ከጫካው ለሚወጣበት ቦታ ያስቀምጡት። ቆሌም እንደ አድባር ጠባቂ ነው፣ ነገር ግን ከሰውየው ጋር ይዞራል። የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባላል፤ ግርማ ሞገሱ እንደ ልብስ ተገፎ ሄደ ማለት ነው። ልጁ ከጫካው ሲወጣ «ቆሌው ተገፎ መጣ» ቢሉ አንባቢ ፊቱን ያየዋል። ውቃቢም የቅርብ ዘመዱ ነው። ዐቀበ፣ ማለትም ጠበቀ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ዐቃቤ ሕግም ከዚያው ነው። «ውቃቢዬ አልወደደውም» የሚለውን ጫካው ከመግባታቸው በፊት ለአንደኛው ልጅ ይስጡት።

የላኩልኝ ቅንጫቢ ላይ «አጋንንቶች» የሚል አይቻለሁ። አጋንንት ራሱ የጋኔን ብዙ ቁጥር ነው፤ «ኦች» አያስፈልገውም። ወይ «አጋንንት» ይበሉ፣ ወይ «ጋኔኖች»።